የክቡር መምህር አፍንጫ

የሚበላ ነገር የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አንድ የማይገዛ ደንበኛ አለው። ወይን ብትሸጡ ከየዘለላው አንዳንድ ፍሬ ሲለቅም፣ ዳቦ ብትሸጡ የትናንቱን ከዛሬው ለመለየት በአውራ ጣቱ ሲጫን፣ ማር ብትሸጡ የክዳኑን ጠርዝ ሲጠርግ ታገኙታላችሁ። ቀምሶ አይጠግብም፣ ጠግቦ አይገዛም። እናንተም አታባርሩትም፤ ሰው ምን ይለኛል ትላላችሁ። እህቴ ደግሞ የምትሸጠው ቺዝ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው የቺዝ ሱቅ ማለት በሩ ሳይዘጋ የተረሳ ገነት ነው።

የእኛ ሱቅ የማይገዛ ደንበኛ ክቡር መምህር ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦሜትሪ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን ከማስተማር እንጂ ከማረም አይደለም። ቀዩ እስኪርቢቶ ዛሬም ከደረት ኪሳቸው አልወረደም። የሚኖሩት ከሱቃችን በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ደረጃውን ይወርዱና፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ባንኮኒው ፊት ይቆማሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴን አግዛለሁ፤ በቀሩት ቀናት ለጋዜጣ ስለምጽፍ ቤተሰቡ ሥራ ፈት ነው ብሎ ያምናል።

«ዛሬ ምን ደረሰ?» ይላሉ ክቡር መምህር። ከዚያ ሥርዓቱ ይጀመራል። መጀመሪያ ቺዙን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ቀጥሎ ቅርፊቱን ያሸታሉ። ቀጥሎ የተቆረጠውን ፊቱን ያሸታሉ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ አንድ ናቸው ያለ ሰው ወዮለት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ። እኛ ሁላችን፣ ከኋላቸው የተሰለፉት ደንበኞችም ጭምር፣ ጉሮሯቸውን እናያለን። ከዋጡ በኋላ «ልድገም» ይላሉ። ይደግማሉ። ከደገሙ በኋላ «ለፍርድ አንዲት ትቅረኝ» ይላሉ፤ እሷንም ይበሏታል። በመጨረሻ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው በቀዩ እስኪርቢቶ ማርክ ይሰጣሉ።

ሰማያዊ ሻጋታ ያለውን ቺዝ «ስልሳ ስምንት» ብለውታል። ሻጋታው ደፋር ነው፣ ቺዙ ግን ፈሪ ነው አሉ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የቆየውን፣ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ኮሽ የሚለውንና ሰው ፓስታ ላይ የሚፍቀውን ደረቁን «ሰባ አንድ፤ ዕድሜ አለው፣ ብስለት ይቀረዋል» አሉት። ባለ ቀዳዳውን ቺዝማ ማስመሪያ አስመጥተው ለኩት። ቀዳዳዎቹ ከክብ ይልቅ ወደ እንቁላል ስላደሉ ሃምሳ ዘጠኝ ሰጡት።

ከሰማንያ በላይ ግን ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ሰማንያ ለመምህሩ፣ ዘጠና ለመጽሐፉ፣ መቶ ለፈጣሪ ነው» ይላሉ። ለተማሪዎቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። የርዕሰ መምህሩን ልጅ በግማሽ ነጥብ ጥለው፣ አባትየው ቤታቸው ድረስ መጥቶ ቢለምናቸው፣ ግማሽ ነጥብ የእኔ ንብረት አይደለም ብለው መለሱት ይባላል። በግማሽ ነጥብ የጣሏቸው ብቻ ቢሰለፉ ሰልፉ ከሱቃችን ተነስቶ መናኸሪያው ጋ ይደርሳል።

እኔም አላመለጥኩም። ጽሑፌ የወጣ ቀን ጋዜጣውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና «ሃምሳ አምስት፤ መጨረሻው ይረዝማል» ይሉኛል። ይህንን የሚሉኝ የእህቴን ቺዝ እያላመጡ ነው።

የሚያናድደኝ ግን ለራሴ የሚሰጡኝ ማርክ አይደለም። አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጆቿ ዳቦ ላይ የምታቀልጠው ቺዝ ልትገዛ መጣች። ክቡር መምህር ከጎኗ ሆነው፣ ይሄኛው ሲቀልጥ ዘይት ይተፋል፣ ያኛው ይሻላል፣ ያኛውም ቢሆን ግን ስልሳ ሦስት ነው አሏት። ሴትዮዋ ለልጆቿ ስልሳ ሦስት ማብላት ከበዳትና ባዶ እጇን ወጣች። ቆሽቴ አረረ። እህቴን ቀና ብዬ ባይ እሷ እቴ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ዘይት ይተፋል» ብላ ማስታወሻ ትይዛለች። ያሉት ልክ ነው ብላ ነው። እህቴ እንዲህ ናት።

አሁን ስለ እህቴ መናገር አለብኝ። አራት ዓመት ይሆናል፣ ከወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ደህና ሥራዋን ትታ ይህን ሱቅ ከፈተች። ከፊት የሰው ቺዝ ትሸጣለች፤ ከኋላ ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል የራሷን ትሠራለች። የራሷ የምትለው መዳፍ የምታህል፣ ለስላሳ፣ ነጭ ሻጋታ እንደ ቀጭን ጋቢ የሚያለብሳት ክብ ቺዝ ናት። ሕልሟ እሷ ናት። በመጨረሻ የትልቁ ሆቴል ዋና ሼፍ ስሟን ሰማና ቅዳሜ መጥቼ እቀምሳለሁ አላት። እህቴም ለእኔና ለእናቴ ቁርጡን ነገረችን። ሼፉ ከወሰደው ትቀጥላለች። ካልወሰደው ክፍሏን ዘግታ ወደ ላቦራቶሪው ትመለሳለች፤ ወንበሯን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይተውላታል። ይህን ስትነግረን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ስለዚህ የምሯን እንደሆነ አወቅን።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት የሦስት ሳምንት ሥልጠና ነበረባት። ለሼፉ ያዘጋጀቻቸውን አሥራ ሁለት ቺዞች ለእናቴ አደራ ሰጥታ ሄደች። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነበር፤ በየሁለት ቀኑ ማገላበጥ። ነጭ ሻጋታ እንደሚያበቅሉና ሻጋታው የተፈለገ መሆኑን ግን አልነገረቻትም። ለእሷ ይህ ዝናብ ያረጥባል ብሎ እንደ መናገር ነው።

እናቴ ደግሞ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆና ሃያ አምስት ዓመት የሠራች ሴት ናት። በዓለም ላይ የምትጠላው ነገር ቢኖር በማያገባው ቦታ የበቀለ ነገር ነው። በአንደኛው ሳምንት ቺዞቹ ላይ ያ ነጭ ሻጋታ ብቅ ሲል ደነገጠች። ልጄ አምናኝ ሄዳ አሻገትኩባት ብላ፣ ለማንም ሳትተነፍስ፣ ሞቅ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣ በለስላሳ ብሩሽ አጠበቻቸው። በሁለት ቀኑ ተመልሶ መጣ። እንደገና አጠበች። እናቴ ከሻጋታ ጋር እልህ ተጋባች። በእናቴ እልህ ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ እኛ ልጆቿ እናውቃለን።

እህቴ ረቡዕ ተመለሰች። በሩን ከፍታ ስትገባ አሥራ ሁለቱም ቺዞች ብርቱካናማ ሆነው፣ እጅ ላይ እየተጣበቁ፣ ኳስ ተጫውቶ የመጣ ሰው ካልሲ ካልሲ እየሸተቱ ጠበቋት። እናቴ በኩራት «አንድም ሻጋታ የለ» አለቻት። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቴም ምን እንዳጠፋች ሲገባት አብራት አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማንን እንባ እንደምጠርግ ጠፋኝ።

ካለቀሰች በኋላ እህቴ ነገሩን አስረዳችን። ቺዝን ሆን ብለው በጨው ውሃ እያጠቡ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ ዕድሜ ልክ የሚማሩት ሙያ ነው። እኛ ግን ሳናውቅ ነው ያጠብነው አለች። ጥሩ ይሁን መጥፎ ለመለየት ቀመሰችው፤ ግን ከልቅሶ ብዛት አፍንጫዋ ተዘግቶ ምንም አልሸተታት፣ ምንም አልጣፈጣት። እኔም ቀመስኩ። ደስ አለኝ። ነገር ግን ለእህቴ ሆዴ ባብቶ ስለነበር ምላሴን አላመንኩትም። ሌላ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ብርቱካናማዎቹን ከኋላ ደብቀን፣ ለሼፉ የሱቁን ቺዞች አቅርበን፣ የእኔ አልደረሰም ብላ ቀን ልትለምነው ተስማማን። እሺ እንደማይላት ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ለእኔ የተሰጠኝ ኃላፊነት ክቡር መምህርን በዚያ ቅዳሜ ከሱቁ ማራቅ ነበር። ሼፉ ፊት ቆመው «ሃምሳ ዘጠኝ» ሲሉ ታየኝ። ዓርብ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው፣ ነገ ሱቁ ዝግ ነው፣ የአይጥ መድኃኒት ይረጫል አልኳቸው።

«አይጥ አለ?»

«አለ መምህር።»

«ስንት?»

የሒሳብ ሰው ናቸውና ቁጥር ካልሰጠኋቸው አይለቁኝም። ሦስት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። እኔም በራሴ ብልጠት እየተደነቅሁ ወረድኩ።

ሼፉ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በፊት መጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ሲያዩት አርባ ወጥ ሠሪ የሚያንቀጠቅጥ የሚመስል ሰው ነው። እህቴ ደረቁን አቀረበችለት። «ጥሩ ነው» አለ። ሰማያዊውን አቀረበችለት። «ጥሩ ነው» አለ፣ በዚያው ድምፅ። እኔ ይህችን «ጥሩ ነው» አውቃታለሁ፤ አዘጋጆች የማያወጡትን ጽሑፍ ሲመልሱ የሚሏት ናት። ከዚያ ሼፉ፣ የመጣሁት ለራስሽ ቺዝ ነበር፣ እሱስ የታለ አላት። እህቴ የተስማማንበትን ለመናገር አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ክቡር መምህር አፋቸውን በመሐረብ ሸፍነው፣ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ ይዘው ገቡ።

«ሦስቱም ተገኙ?» አሉ።

«ምኖቹ?» አለ ሼፉ።

«አይጦቹ።»

ለካስ ሰውዬው መድኃኒት ከቺዝ አጠገብ ይረጫል ሲባሉ ሐሳብ ገብቷቸው ኖሯል። ቺዞቹ በደንብ መሸፈናቸውን ሊያዩ፣ አይጦቹንም በመጥረጊያ ሊያግዙን ነው የወረዱት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እህቴ በዓይኗ እየወጋችኝ፣ አይጥ የሚባል እንደሌለ፣ የዋሸሁት እሳቸውን ለማራቅ መሆኑን በሰው ፊት ተናዘዝኩ።

ሼፉ ኮቱን ሊደርብ አንድ እጁን አስገብቶ ነበር። ግን ዓይኑ ከክቡር መምህር ላይ አልነቀል አለ። ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀ። ሁለት እጆቹን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ቀጥ አለ። «መምህር» አለ፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ።

ክቡር መምህር መሐረባቸውን አንስተው ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ስሙን እንዳላስታወሱት ያስታውቃል። «ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል» አሉ።

«አዎ መምህር። ለማለፍ ግማሽ ነጥብ ነበር ያጎደሉብኝ።»

«ግማሹን ያጎደልከው አንተ ነህ። እኔ የጎደለውን ነው የጻፍኩት።»

ይህን ብለው ነገሩን ዘጉት፤ ምክንያቱም አፍንጫቸው ሌላ ጉዳይ አግኝቶ ነበር። ወደ ኋላው ክፍል ዞረው ሁለት ጊዜ አየር ሳቡ። ይሄ ሽታ ምንድነው አሉ። እህቴ ፊቷ ደም መስሎ፣ የተበላሸ ነገር ነው ጋሼ፣ ልንጥለው ነው አለች። እናቴ ግን ከኋላ ሆና ሰማች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠበችው ነገር በሰው ፊት የተበላሸ ሲባል አልቻለችም። አንዱን ብርቱካናማ በሰሃን ይዛ ወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «አልተበላሸም፤ ታጥቧል» አለች።

ሽታው ሱቁን ሞላው። ሼፉ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ክቡር መምህር ሙሉ እርምጃ ወደ ፊት መጡ።

በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ቅርፊቱን አሸተቱ። እህቴ ቆረጠችላቸው፤ ውስጡ ቢጫ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ሰሃኑ ይፈስ ነበር። እሱንም አሸተቱ። መነጽራቸውን አወለቁ። አኘኩ። «ልድገም» አሉ። ደገሙ። ሦስተኛውን ሲያነሱ ግን ለፍርድ አንዲት ትቅረኝ አላሉም፤ ዝም ብለው ወሰዱት። ቀዩን እስኪርቢቶ ሲያወጡ እህቴ የምታየው ፊታቸውን አልነበረም፣ ጫፉን ነበር። እዚያ ደብተር ላይ የሚጻፈው ነገር ነው ሰኞ የት እንደምትውል የሚወስነው።

«ማን ነው ያጠበው?» አሉ።

«እኔ ነኝ መምህር» አለች እናቴ።

«በአንዱ በኩል እጅዎ ጎበዝ ነው። በሌላው በኩል ግን ሰንፏል፤ ቅርፊቱ ሳስቶ ይታያል። ጨውም በትንሹ በዝቷል። አሥራ ዘጠኝ ቀንሻለሁ።»

እናቴ የግራ ትከሻዋን ያዘች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያማት እንደነበር ለማንም አልተናገረችም፤ ቺዙ ተናገረባት። እኔ ከመቶ ላይ አሥራ ዘጠኝ ስቀንስ፣ ሒሳብ ድሮም አይሆንልኝምና ገና ሳልጨርስ፣ ሼፉ ቀደመኝ።

«ሰማንያ አንድ?» አለ።

«ዛሬ ሒሳብህ ደህና ነው» አሉት።

ከሰማንያ በላይ። ከመምህሩ በላይ። ሼፉ ቢላዋውን ራሱ አነሳና እስከ ቅርፊቱ ቆርጦ አፉ ውስጥ ከተተው። ያ ሁሉ ሽታ ውጭ ቀርቶ ውስጡ ሌላ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ጣፋጭ ወተት፣ ቀጥሎ የተቆላ ለውዝ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምላስ ላይ የሚቆይ የሥጋ መረቅ ይመስላል። ሼፉ ጥሩ ነው አላለም። በየሁለት ሳምንቱ ስንት ልታደርሺልኝ ትችያለሽ አላት። እህቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት የወተት ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። እናቴ በእሷ ፈንታ አሥራ ሁለት ብላ መለሰች።

በሩ ላይ ስሸኘው ሼፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ያን ዓመት ክፍል ደግሜአለሁ፣ እናቴ ደጃቸው ድረስ ሄዳ አልቅሳላቸዋለች አለኝ። «ለእናቴ እንባ ግማሽ ነጥብ ያልጨመረ ሰው ለቺዝ አይጨምርም።»

ክቡር መምህር ሲወጡ እኔ ጋ ቆም አሉ። ለውሸትህ ሃያ አምስት፣ ቁጥር ባታስገባበት ይሻል ነበር አሉኝ። መጥረጊያቸውን ይዘው ሄዱ። ቺዝ አልገዙም።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ተለወጠ። እህቴ ጨዉን በማንኪያ ትለካለች፤ እናቴ እጄ ያውቃል ትላለች፤ ይጣላሉ፤ ቺዙ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር ሰባ ስድስት አገኘ፣ ሦስተኛው ሰባ ዘጠኝ። እህቴ ከሰባ አምስት በታች የሆነ ወደ ሆቴሉ አይሄድም የሚል ሕግ አወጣች። ሼፉም ማርኩ መጠቅለያው ላይ በቀይ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ለአራተኛው ዙር ግን ክቡር መምህር በፎጣ አንገታቸውን ጠምጥመው መጡ። ቺዙ ሲቀርብላቸው ሰሃኑን ገፉት። አፍንጫዬ ተዘግቷል፣ በተዘጋ አፍንጫ መፍረድ ግፍ ነው አሉና ወደ ፎቃቸው ተመለሱ።

ሱቁ ቆመ ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለት ቺዝ ፍርድ ይጠብቃል። እህቴ ሳይቀምሱት አልልክም አለች። ሰኞ ሼፉ ደወለ፤ ቺዙን አልጠየቀም፣ የመምህር አፍንጫ እንዴት ዋለ አለ። ማክሰኞም ደወለ። በሕይወቴ ለሰው ጤና ጸልዬ አውቃለሁ፤ ለሰው አፍንጫ ስጸልይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ረቡዕ ሎሚና ማር በሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ ያን ሰው ለማራቅ የዋሸሁት እኔ፣ ኩባያ ይዤ ሦስት ፎቅ ወጣሁ።

ክፍላቸው ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ከጎኑ አንድ ዶሴ። ኩባያውን ለማስቀመጥ ዶሴውን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ከጋዜጣ የተቆረጡ የእኔ ጽሑፎች ናቸው፤ ሁሉም፣ የዛሬ ስድስት ዓመት ከጻፍኩት ጀምሮ፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ ጥግ ጥጋቸው በቀይ ታርሞ። ከስልሳ ያለፈ አንድም የለም። እኔ ራሴ ያላስቀመጥኳቸውን ሳይቀር አስቀምጠዋቸዋል። አንጀቴን በሉት።

ሁልጊዜ ልጠይቃቸው የምፈልገውን ጠየቅኋቸው። ደረቅ ዳቦ እየበሉ ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ ቺዝ የማይገዙት አልኳቸው።

በመገረም አዩኝ። «መምህር ፈተናውን ያርማል እንጂ ወደ ቤቱ ወስዶ አይበላውም» አሉ።

ከዚያ ኩባያውን አንስተው ፉት አሉ። ቆዩ። «ልድገም» አሉ። ደገሙና ወደ መስኮቱ እያዩ አሰቡ። «ስልሳ ሁለት» አሉኝ። «ሎሚው ከማሩ ይቀድማል። ውሃውም ብረት ብረት ይሸታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ አርጅቷል።»

እኔ በቁጭት ልመልስላቸው ስል አንድ ነገር ገባኝ። ብረት ብረት ይሸታል ነው ያሉት። ኩባያውን እዚያው ትቼ ሦስቱን ፎቅ በስንት እርምጃ እንደወረድኩት አላውቅም። ሱቁ በር ላይ ደርሼ «ተከፈተ» አልኩ። እናቴ ሽርጧን አሰረች፣ እህቴ ቢላዋዋን አነሳች። ከላይ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ፣ ከእሱም ጋር አንድ ማስነጠስ ተሰማ። ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ።

ይህንንም ቆርጠው ዶሴያቸው ውስጥ እንደሚያስገቡት አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጨረሻውን አሳጥሬዋለሁ።